መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ወገኖቼ። ፎርማናችሁ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኛል፤ ቀድሜ እጨርሳለሁ።

ባሕር ዳር አንድ ጎኗ እየፈረሰ ሌላው እየተሠራ ነው። የድሮ ቤት ስታፈርሱ ከቆርቆሮው መሐል ግራጫ ክዳን ታገኛላችሁ። ሞገድ አለው፣ ግን አይዝግም። ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል። አስቤስቶስ የሚባል፣ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ የድሮ ከሆነ አለበት ብላችሁ ያዙት።

ክዳን ብቻ አይደለም። የድሮ የውሃ ቱቦ፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የወለል ንጣፍ ላይም ይገኛል። ከሁሉ የከፋው የእንፋሎት ቱቦ ላይ የሚጠቀለለው ልባስ ነው። እሱ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። ጉዱ፣ እንደ ጥጥ ክር ይሆናል። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ሰው ስለሆናችሁ ክር ስል ይገባችኋል። እሳት ስለማይበላው ዓለም ወደደው። ችግሩ ክሩ ሲሰነጠቅ ከዓይን እስኪሰወር ይቀጥናል። ሳንባ ከገባ አይሟሟም። ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የሳንባ ካንሰርም፣ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓይነቶቹ አንዱንም ነፃ አላደረገም። ለሚያጨስ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ተንኮሉ ዛሬ አለማሳሉ ነው። በሽታው የሚመጣው ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ በመጋዝ ቆርጬዋለሁ። አቧራውን እንደ ዱቄት ከፀጉሬ አራግፌ ምሳዬን በልቻለሁ። የነገረኝ አልነበረም።

ቤታችሁ ላይ ካለ ግን አትደንግጡ። ካልተሰበረና ካልተፈረፈረ ተዉት። አቧራውን የሚያስነሳው መዶሻው ነው፣ ግራይንደሩ ነው። ማውረድ ግድ ከሆነ በውሃ አርጥቡት። ብሎኑን ፈትታችሁ ሙሉውን አውርዱ እንጂ ከላይ አትወርውሩ። በደረቁ አትጥረጉ። ሻሽና ተራ ማስክ አያድንም፤ ለደቃቅ አቧራ የተሠራውን ጠይቁ። የሥራ ልብሳችሁንም ቤት አትውሰዱ። በሌላ አገር ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች አሉ።

ስባሪውን ለዶሮ ቤት ብሎ የሚወስድ አይጠፋም፤ አውቃችኋለሁ! ጣና ዳር ረግረጉ ላይም አትድፉት። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ የት እንደሚወገድ ፎርማናችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቅ።

ነገ ጠዋት የዚያኛው መጋዘን ክዳን ይወርዳል። ከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ስለሚነሳ በጊዜ እንጀምር። የውሃውን ጎማ የሚይዘው ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ።