ትኩሳቱ ሄዶ ቁርጥማቱ ሲቀር

እንደምን አረፈዳችሁ?

የቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁን ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እግዜር ይስጥልን። ከሐይቃችን ዳር፣ ከሐዋሳው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ስታጸዱ ቆይታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ ሳትተኙ የመጣችሁም አላችሁ። ሁላችሁም በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ናችሁ። ዛሬ የምናወራውም ስለ እጅ ነው።

ከእናቴ ልጀምር። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ አንድ ክረምት፣ ጉንፋን የመሰለ ነገር ያዛት። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። የጣቶቿ ሕመም ግን ቀረ። ጠዋት ስትነሳ እጇ አልጨበጥ ይላት ጀመር። አክንባሎውን የምታነሳው በሁለት ክንዷ አቅፋ ነበር። ጎረቤት «ብርድ መቶሽ ነው» አለ። አንድ ክሊኒክ «ሪህ ነው፣ ሥጋ አትብይ» ብሎ መርፌ ወጋት። መርፌው ለሁለት ሳምንት ያህል ተአምር ሠራ። ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። እንደገና መርፌ። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሄደ። የበሽታው ትክክለኛ ስም ሲነገራት ጣቶቿ ወደ ጎን ዘምመው ነበር። እኔ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። እኔም «ብርድ ነው» ብያት ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነታችንን መከላከያ እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፣ ይመታል። በዚህ በሽታ ግን ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል። የሚደበደበው የመገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ አጥንቱን ይቦረቡራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል። ከ100 ታማሚዎች 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ሪህ ሌላ በሽታ ነው። እሱ የሚመጣው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ ነው። ሥጋ በመተው ሩማቶይድ አይድንም። እናቴ ሦስት ዓመት ሥጋ ያልበላችው በከንቱ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ጥያቄ ልምጣ። «ዶክተር፣ ይሄን ነገር ቫይረስ ነው ያመጣብኝ?» ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። መልሱ ግን ሁለት ቦታ ይከፈላል።

አንደኛ፣ ራሳቸው መገጣጠሚያ የሚያሳምሙ ቫይረሶች አሉ። ከሁሉም የታወቀው ቺኩንጉንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዛሬ ታንዛኒያ በምንለው አገር ደቡባዊ ክፍል ተለየ። ስሙ በማኮንዴ ቋንቋ «የሚያጎብጥ» እንደማለት ነው። ሰውን እንዴት እንደሚያጎብጥ በአገራችን ድሬዳዋ አይታዋለች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ተነስቶ ከ40,000 በላይ ሰው ያዘ። የእጅ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የጣት መገጣጠሚያ፣ በሁለቱም ጎን። ላየው ሰው ቁርጥ ሩማቶይድ ነው የሚመስለው። አንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙ ለወራት፣ ሲብስም ለዓመታት ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው በትንኝ ነው። እኛ ሐዋሳዎች ትንኝ ስንባል የሚታየን የሐይቁ ዳርና የወባዋ ትንኝ ነው። አጎበር የምንዘረጋውም ለእሷ ነው። ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ሌላ ናት። የምትናከሰው በቀን ነው። የምትራባውም ደጃችን ላይ ነው፤ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ በበርሜል፣ ዝናብ ባቆረ አሮጌ ጎማ ውስጥ። ውኃ ሲጠፋ ማጠራቀማችን አይቀርም፣ አውቃለሁ። ግን ክደኑት። ጎማውንም አስወግዱት።

ሌላው ፓርቮ ቫይረስ የሚባለው ነው። ልጆች ሲይዛቸው ጉንጫቸው በጥፊ የተመቱ ይመስል ይቀላል፣ ከዚያ ይለቃቸዋል። እናታቸውን ወይም አስተማሪያቸውን ሲይዝ ግን ጣትና ጉልበት ያሳብጣል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሰዉ የወፍ በሽታ የሚለው የጉበት ቫይረስም አለ። ቢ የሚባለው ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት መገጣጠሚያ ሊያሳምም ይችላል። ሲ የሚባለው ደግሞ የደም ምርመራን ያሳስታል። ለሩማቶይድ የሚደረገው አንዱ ምርመራ፣ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው፣ ሄፓታይተስ ሲ ባለበት ሰው ላይም ብዙ ጊዜ «አለ» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ «ሩማቶይድ አለብኝ» ብላችሁ አትደምድሙ። ሐኪሙም እጃችሁን ሳይነካ ከደመደመ፣ «እጄን እዩልኝ» በሉት። መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ቫይረስ ራሱን ሩማቶይድን ይለኩሳል ወይ? ተመራማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚጠረጥሩት ኤፕስታይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ለንደን ውስጥ፣ ከኡጋንዳ በተላከ የልጆች ዕጢ ላይ ነው። በሩማቶይድ ታማሚዎች ደም ውስጥ ይህ ቫይረስ ከሌላው ሰው በዝቶ ይገኛል። ይህ ያጠራጥራል። ግን ይህን ቫይረስ ከ100 አዋቂ ከ90 በላዩ ተሸክሞት ይኖራል። እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችንም አለብን። ሩማቶይድ የሚይዘው ደግሞ ከ100 አንድ ሰው ያህል ቢሆን ነው። ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በታመምን ነበር። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። ሲጋራ አለ። የድድ በሽታም ይጠረጠራል።

እናቴ እስከ ዛሬ «ያ ጉንፋን ነው የጣለኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ነገሩን እንደ ረመጥ አየዋለሁ። ሰውነትን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት፣ የዘበኛው ዱላዎች እንበላቸው፣ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። እሳቱ ከአመዱ ሥር አለ ማለት ነው። ጉንፋኑ አመዱን ገልጦት ሊሆን ይችላል። እንጨቱን ግን እሱ አላመጣውም።

ሩማቶይድ ራሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዲት የፓርክ ሠራተኛ አብረዋት የሚከራዩት ልጆች ብርጭቆዋን እንደለዩባት እያለቀሰች ነግራኛለች። እባካችሁ፣ ብርጭቆዋን መልሱላት።

አሁን ስለ ስድስት ሳምንት ላውራ። ዛሬ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። በቫይረስ የመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛው ከስድስት ሳምንት በፊት ይለቃል። ቺኩንጉንያ ከዚህ ይወጣል እንዳልኳችሁ። ሩማቶይድ ግን አይለቅም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ስድስት ሳምንትን እንደ መለያ የምንይዘው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ስድስት ሳምንት ቤቴ ልጠብቅ» ይላል። አይደለም! የምንቆጥረው እኛ ነን። እናንተ ከስድስቱ ሳምንት በፊት ኑ። ጣታችሁ ካበጠ፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካለ፣ ሁለቱም እጅ ከሆነ፣ ቀኑን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው ደግሞ ለነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት ጣትን ከመዝመም ያድናል። የዘመመውን ግን መልሶ አያቀናም።

ያቺን ተአምረኛ መርፌም ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም የእሱ ዘመድ ናት። ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፣ እኛም ለአጭር ጊዜ እንሰጠዋለን። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዙ መዋጥ ግን እብጠቱን ይደብቃል፣ በሽታው ከሥር ይሠራል። ስኳር ያመጣል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ ከቆያችሁ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፣ አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ እያለ ያወርድላችኋል።

ለሩማቶይድ ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ጻፉት፣ ቤተሰብም ይወቀው። ለማርገዝ ያሰባችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፣ ለፅንስ አይሆንም። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ጠይቁ። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ አቅም ሲቀንስ ተኝቶ የነበረው የጉበት ቫይረስ ሊነቃ ይችላል። የቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም።

የምለው ይኸው ነው። በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ነርሶቹ ስም ይመዘግባሉ። እጁን ማሳየት የሚፈልግ ይሰለፍ። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን እያሰባችሁ ጠብቁኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው። ከሌሊት ፈረቃ የመጣችሁ ቅደሙ፣ እንቅልፍ አለባችሁ።