ከ10 ዶላር በታች ቤት ውስጥ የሚሰራ የሃሎዊን ግድግዳ

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ ውዶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ከኋላዬ የምታዩትን የሃሎዊን ግድግዳ እንዴት እንደሰራነው ላሳያችሁ ነው። እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነን የሰራነው፣ ተሰርቶ የተገዛ ጌጥ አንድም የለበትም፣ ወረቀት፣ የቆሻሻ ፌስታልና ክር ነው በቃ፣ ታክሱን ሳልቆጥር 10 ዶላር አልሞላም።

ኦክቶበር ሲገባ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ሰፈሩ ሁሉ ኦክቶበር 31 ለሚከበረው ሃሎዊን በሩ ላይ ዱባ መደርደር ይጀምራል፣ ከዛ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ "ማሚ እኛስ መቼ ነው?" ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ሱቅ ሄጄ የተዘጋጀውን እገዛ ነበር፣ አንዷ የፕላስቲክ ዱባ 20 ዶላር፣ 25 ዶላር፣ ልጆቹ ግን ሁለት ቀን አይተዋት ይረሷታል። አገር ቤት እያለን ወንድሞቼ ለእንቁጣጣሽ የአበባ ስዕል በከለር ሲስሉ ሳሎኑ ወለል ላይ ወረቀት በወረቀት ነበር የሚሆነው፣ ለጎረቤት እስኪያዞሩት ድረስ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፣ በእጃቸው የሰሩት ነዋ! የኔ ልጆችም እንደዛ የሚሳሱለት ነገር እንዲኖራቸው ስለምፈልግ ነው ከመግዛት ወደ መስራት የገባሁት።

ወደ ስራው ከመግባቴ በፊት፣ ሃሎዊንን አንወድም የምትሉ ቤተሰቦች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። ስሙ ራሱ የመጣው በምዕራቡ ቤተክርስቲያን ኖቬምበር 1 ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ ቀን ዋዜማ ነው፣ ዱባው ደግሞ አየርላንዶች በአገራቸው የስራስር አትክልት እየፈለፈሉ ፋኖስ ያደርጉ ስለነበር ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ እዚህ የተገኘው ዱባ ተካው። እኛ ቤት ደም፣ አጽም፣ ሰይጣን የሚመስል ነገር አይሰቀልም፣ ይሄን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረን ነው የወሰንነው። የሌሊት ወፍ፣ የሸረሪት ድር፣ ዱባና የመኸር ቅጠል ግን የእግዜር ፍጥረት ነው፣ ደስ ብሎን እንሰቅላለን። ጭራሽ የማታከብሩም ብትሆኑ ቅጠሉንና ዱባውን ብቻ ውሰዱ፣ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ እስካለው የምስጋና በዓል፣ እስከ ታንክስጊቪንግ ይቆይላችኋል።

(ካሜራ ወደ ጠረጴዛው)

እሺ እቃዎቹ እነዚህ ናቸው። ጥቁር ኮንስትራክሽን ፔፐር፣ ልጆች ለእጅ ስራ የሚጠቀሙበት ወፈር ያለው ወረቀት፣ 9 በ12 ኢንች የሆነው፣ ዶላር ትሪ ከሚባለው ርካሽ ሱቅ የገዛሁት። ዶላር ትሪ ድሮ ሁሉም ነገር 1 ዶላር ነበር፣ በ2021 መጨረሻ ላይ 1.25 አደረጉት፣ አሁን ደግሞ ከዛም በላይ የሆኑ እቃዎች ስላሉ ዋጋውን እያያችሁ አንሱ። አንድ ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል፣ እሱ ቤት አለ። የወረቀት ሳህን፣ የሹራብ ክር፣ መቀስ፣ እርሳስ። እና ሰማያዊው ቴፕ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት፣ ስለሱ ወደ በኋላ ብዙ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ የሌሊት ወፎቹን እንስራ፣ የግድግዳው ነፍስ እነሱ ናቸው። እዚህ ጋ 36 ወፍ ነው ያለው፣ ስትቆጥሩት ብዙ ይመስላል ግን 8 ወረቀት ብቻ ነው የፈጀው። ሁለቱን ወረቀት ለሁለት ለሁለት ቆረጥኳቸው 4 ትልልቅ፣ አራቱን ለአራት ለአራት 16 መካከለኛ፣ የቀሩትን ሁለቱን ለስምንት ለስምንት 16 ትንንሽ። ሁሉም አንድ መጠን ከሆኑ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፣ ትልቅና ትንሽ ሲሆን ግን አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ ሆኖ ይታያል፣ የሚበርር የሚያስመስለው እሱ ነው።

አሁን አንዷን ቁራጭ ውሰዱና ለሁለት እጠፏት። በታጠፈው በኩል ግማሽ ወፍ ትስላላችሁ፣ ግማሽ ብቻ። ከላይ ጀምሩ፣ ግማሽ ጭንቅላት፣ ሾል ያለች አንድ ጆሮ፣ ከዛ አንገቷ ጋ ትንሽ ዝቅ በሉና ክንፉን ወደ ላይ አውጡት እስከ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ሲመለስ ከስር ሁለት ጊዜ እንደ ጨረቃ ጎድጎድ አድርጉና ወደ እጥፋቱ ተመለሱ። ትቆርጡና ስትከፍቱት ሁለቱም ክንፍ እኩል ነው። ስዕል አልችልም የምትሉ ሰዎች ይሄ የእናንተ ነው፣ የተሳሳተ መስመር ራሱ በሁለቱም በኩል ስለሚደገም ሆን ተብሎ የተሰራ ነው የሚመስለው። ትንሹ ልጄ የሰራት አንዷ ወፍ፣ እዚህ በሩ አጠገብ ያለችው፣ ጆሮዎቿ ከክንፎቿ ሊበልጡ ምንም አልቀራቸውም፣ እንግዳ ሲመጣ ግን እጁን ይዞ ወስዶ የሚያሳየው እሷን ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ደግሞ አለ፣ እባካችሁ እንዳትዘሉት። ክንፎቹን ከሰውነቷ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ እጠፉ፣ ከዛ ግድግዳው ላይ ስትለጥፉ ቴፑ ሰውነቷ ጀርባ ላይ ብቻ ይሁን፣ ክንፉን አትለጥፉት። ማታ መብራት ከጎን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ክንፍ ግድግዳው ላይ ጥላ ይጥላል፣ 36ቱ ወፍ 72 ይሆናል ማለት ነው፣ በር ሲከፈትና ንፋስ ሲገባ ደግሞ ክንፎቹ ርግብ ርግብ ይላሉ።

አለጣጠፉም ዘዴ አለው። የሚወጡበትን ቦታ ምረጡ፣ እኔ ከቲቪው ጥግ ነው ያስነሳኋቸው፣ እዛ ጋ ትንንሾቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ፣ ወደ ላይ ወደ ጣሪያው ስትሄዱ እየተራራቁና እየተለቁ ይሂዱ፣ ጭንቅላታቸው በግምት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን እንጂ እንደ ሰልፍ ልክክ አይበል።

ሁለተኛው የሸረሪት ድሩ ነው፣ ከቆሻሻ ፌስታል። ፌስታሉን ከስርና ከአንድ ጎን ቀዳችሁ ዘርጉት፣ ከዛ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡት፣ አራቱም ጎን እኩል። አሁን ከማዕዘን ማዕዘን እጠፉት ሶስት ማዕዘን ይሆናል፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና፣ አንዴ ደግሞ፣ በድምሩ 4 ጊዜ፣ ሁልጊዜ መሃሉ ሾል ያለው ጫፍ ላይ እንዲቀር አድርጉ፣ እንደ ቀጭን የፒዛ ቁራጭ እስኪሆን። በቂ አይመስልም ግን 16 ድርብ ሆኗል። ከአሁን በኋላ አንዱ ጎን አከርካሪያችሁ ነው፣ እሱ በፍጹም አይቆረጥም። ከሌላው ጎን እየገባችሁ ቀስት የመሰለ ቁራጭ ታወጣላችሁ፣ አከርካሪው ጋ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀራችሁ ቁሙ፣ ከዛ ቀጭን መስመር ትታችሁ ሌላ ቁራጭ፣ እንደገና እንደዛ እስከ ጫፉ። ቀስቱ ከአከርካሪው ርቆ ሲሄድ ወደ ሾለው ጫፍ ዘንበል ይበል፣ እውነተኛ ድር መሃል ለመሃሉ ወደ ውስጥ ሳብ ስለሚል ነው። መጨረሻ ላይ ሰፊውን ዳርም እንደዛው ጎድጎድ አድርጉት።

ከዛ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ቀስ ብላችሁ! እኔ የመጀመሪያውን በጉጉት ስስበው ሁለት ቦታ ተቀደደብኝ። በትክክል ከሰራችሁት 8 እግር ያለው ትልቅ ድር ይወጣላችኋል፣ ከሶፋችሁ በላይ ባዶ የሆነውን ግድግዳ ብቻውን ይሞላዋል። የተቆረጠውን ፍርፋሪ ግን ወዲያው ሰብስቡ፣ ህጻን ያለበት ቤት ከሆነ ፌስታል መሬት ላይ አይቀር፣ አፍና አፍንጫ ላይ ከተለጠፈ ያፍናል።

የወረቀት ሳህኑ ለትንንሾቹ ልጆች ነው፣ ዙሪያውን ቀዳዳ ትበሱለታላችሁ፣ ልጁ ክሩን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገረ የራሱን ድር ይሰራል፣ ክሩ እንዳይተረተር ጫፉ ላይ ቴፕ ጠቅልሉለት እንደ ጫማ ክር ይገባለታል። ዱባውን ደግሞ የአማዞን እቃ ከመጣበት ካርቶን ቆርጠን ብርቱካንማ ቀባነው፣ ብዙ የሚባል ነገር የለውም።

አሁን ቴፑ። የአፓርታማ ኪራይ ላይ ያላችሁ ይሄን በደንብ ስሙኝ። እኔ በፊት በነበርኩበት ቤት ሁለት በኩል የሚያጣብቅ ጠንካራ ቴፕ ነበር የተጠቀምኩት፣ ስናወርደው ቀለሙ አብሮ ተላጠ፣ ነጭ ጂፕሰሙ ሁሉ ታየ፣ ስንለቅ ለቤቱ ካስያዝነው ዲፖዚት ላይ ቆረጡብን፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሌላው ላይ ቆጥቡ ቴፑ ላይ አትቆጥቡ። ሰማያዊው ቴፕ ቀለም ሳይጎዳ እንዲላቀቅ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ፓኬቱ ላይ ለስንት ቀን እንደሆነ ተጽፏል፣ ከዛ ቀን አታሳልፉት። ከመለጠፋችሁ በፊት ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ አቧራ ካለ ማታ ማታ ወፎቹ አንድ በአንድ ይወድቁባችኋል። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ የማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ ለጥፋችሁ ሞክሩት።

መብራት ለማድረግ ስትሉ ሻማ አታብሩበት፣ ወረቀትና ፌስታል ነው ያለው፣ ከሂተሩም ከምድጃውም አርቁት። በባትሪ የሚሰሩት ትንንሽ ሻማ መሳዮቹ ይሻላሉ፣ ግን እነሱም ውስጥ ያለው ክብ ትንሽ ባትሪ ህጻን ቢውጠው ከባድ አደጋ ነው፣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን አይነት ግዙ፣ ልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታም አስቀምጡት።

ኖቬምበር ሲገባ ስታወርዱ ቴፑን ነጥቃችሁ አትሳቡት፣ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ግድግዳውን እያስታከካችሁ ቀስ አድርጉ። ወፎቹን ክንፋቸውን አጥፌ በአንድ ትልቅ ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ ላዩ ላይ ዓመተ ምህረቱንና የልጆቹን ስም ጽፌ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ያቺ ጆሮ ብቻ የሆነችዋ ግን ፖስታ ውስጥ አትገባም ተብያለሁ፣ ልጁ አልጋ ራስጌ ላይ ነው የምትሄደው።