ልጁን የሚያውቅ ሰው አምጡልን

(በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚውሉበት አንድ ማቆያ የታደሱ ክፍሎቹን ባስመረቀበት ዕለት፣ በአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ለወላጆች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የማቆያው ሠራተኞች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ሰብሳቢውን ዛሬ አንቱ እላለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳስተምረው ግን አንተ ነበር፤ ያውም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት የሰው ከብት ሲቆጥር የሚውል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ንግግሬ ከመረራችሁ የእናት ቁጣ ነው ብላችሁ እለፉት።

የተጠራሁት ምስጋና እንዳቀርብ ነው። ምስጋናውን አላስቀርም። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ቀጭኔና አንበሳ ተስሎበታል፤ በክረምት ጭቃ የሚቦካበት ደጃፍ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ጉልበት የሰጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ምስጋናው እዚህ ላይ አበቃ። ይዤው የመጣሁት ጉዳይ ሌላ ነው።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እናስላው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው እኩለ ቀን ገደማ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች እናት ከቢሮ የምትወጣው 11:30 ላይ ነው። ሱቅ ያላት ደግሞ ከዚያም ታመሻለች። በመካከሉ አምስት ሰዓት አለ። ልጁ ከመምህሩ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ እንኳ ይህን ያህል አይሆንም። መምህር ስንቀጥር የትምህርት ማስረጃ እንጠይቃለን፣ እንፈትናለን፣ እናመዛዝናለን። ረጅሙን ሰዓት ከልጆቻችን ጋር የምትውለዋን ሰው ስንቀጥር ግን ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ «በስንት ትሠራለች?»

የልጅ ልጄ እዚህ ነው የሚውለው። ታውቁታላችሁ፤ እሱን የማያውቅ የለም። ሲሮጥ ወንበር ይገለብጣል፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እኔም ብሆን አንዳንድ ቀን «ምነው ትንሽ ዝም ባለልኝ» እላለሁ። ዘንድሮ ለመስቀል ከአባቱ ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ዘመድ ጠይቆ ተመለሰ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ልወስደው ስመጣ ከደጅ ድምፁ አልተሰማኝም። ገብቼ ባየው ሹራቡን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ይንቀጠቀጣል። መክሰሱ በሳህኑ ላይ እንዳለ ነው። ግንባሩን ብዳስሰው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ተንከባካቢዋ ልጅ ፈገግ ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ዛሬስ ጨዋ ሆኖ ነው የዋለው እትዬ፤ ምንም አላስቸገረኝም።»

ተሸክሜው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከጣቱ ደም ወሰዱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ወባ ሆኖ ተገኘ። እኛ ደጋ ላይ ስለምንኖር ወባን የሌላ አገር በሽታ እናደርገዋለን፤ ልጆቻችን ግን ቆላ ወርደው ይመለሳሉ። አደገኛው የወባ ዓይነት ሕክምና ሳያገኝ ከቆየ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕይወት ወደሚያሰጋ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ይነግሩናል። የእኛ ልጅ መድኃኒቱን ወስዶ ድኗል፤ ተመስገን። ወንበር መገልበጡንም ቀጥሏል።

ያችን ልጅ ልከስሳት አልመጣሁም። ሥራ የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነበር። ሠላሳ ልጅ ለብቻዋ አስረክበዋት ሄደዋል። ይህ ልጅ በባሕርዩ ጯሂ መሆኑን በምን ታውቃለች? ዝም ማለቱ ሕመም መሆኑን ማን ነገራት? ከእሷ በፊት የነበረችው ብትኖር ኖሮ ገና ከበር ሲገባ «አንተ፣ ምን ሆንህ? ዛሬ ጣራዬን ሳታናጋ!» ብላ ግንባሩን በዳሰሰችው ነበር። የትኛው ልጅ ሽሮ እንደማይበላ፣ የትኛዋ ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ እንደምትፈራ፣ የማን እናትና አባት እንደተጣሉ ሁሉ ታውቅ ነበር። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባል የለ? እሷ ንፍጡንም ትጠርግ ነበር።

የት ሄደች? ደመወዟ ወር አልፎ ወር እየተንከባለለ ሲያስቸግራት ትታችሁ ሄደች። አሁን መናኸሪያው አካባቢ የጀበና ቡና ትሸጣለች። ሄጄ ጠጥቻለሁ፤ ቡናዋ ግሩም ነው። ከዚህ ይልቅ እዚያ እንደሚሻላት ነገረችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ከእሷ ወዲህ ስንት ሰው እንደተቀያየረ ሰብሳቢው ይንገሩን። ልጆቹ የአዲሷን ስም ሳይለምዱ ሌላ ትመጣለች።

በማግስቱ የክትትል ደብተሩን አምጡልኝ አልኩ። ደብተር አለ፤ መቼም ደብተር የሌለው ነገር የለንም። ከፈትኩት። «ደህና ውሏል። ደህና ውላለች። ደህና ውሏል።» ከላይ እስከ ታች በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። የእኛው ልጅ በበረሃ ወባ ሲቃጠል የዋለበት ቀን «ደህና ውሏል፤ አልረበሸም» ይላል። ይህስ ይሁን። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ስገልጥ ልጁ ቤት ተኝቶ መድኃኒት ሲወስድ የቀረበት ቀን መጣ። እዚያም «ደህና ውሏል» ተብሎ ተጽፏል! በሌለበት ደህና ዋለ! አርባ ዓመት ገደማ የስም መጥሪያ ይዤ ስኖር እንዲህ ያለ ተአምር አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው «እኛ ከብት ስንጠብቅ ማን ጠበቀን? አድገን የለም ወይ?» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አባቴ፣ አድገዋል፤ ዕድሜ ይስጥልን። ግን ያኔ ማንም አልጠበቀንም ማለት ሐሰት ነው። ከእኛ ከፍ ያለ እረኛ ነበር። ማሳ የሚያርመው ገበሬ፣ ውኃ የምትቀዳዋ ሴት «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ከገደሉ ራቅ!» የሚል ድምፅ ነበራቸው። የቆሎ ተማሪው እንኳ ቀዬውን ለቅቆ ዋሸራና ዲማ ሲገባ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ጎጆ ያካፍለዋል፣ ቀለም ያስቀጽለዋል። የዛሬው ልጅ ግን በከተማ ግቢ ተዘግቶበት፣ ስሙን ከማታውቅ ሰው ጋር ነው የሚውለው። ደግሞም «አድገናል» የምንለው ያደግነው ነን። ወንዝ የወሰደው፣ ገደል የገባው፣ በንዳድ የቀረው እረኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አይናገር! አሁንስ ለምን አታጨበጭቡም?

ጨዋነት መልካም ነው፤ እኔም አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን አምስት ሰዓት ሙሉ ራሱን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ እንዲውል የተደረገ ልጅ ጨዋ አይባልም። አንድ ሰው ሠላሳ ልጅ የሚይዘው ወይ በማስፈራራት ነው ወይ በመተው ነው። በበሩ ጥግ ተሸጉጦ ያየሁት አርጩሜም ለጌጥ አልተቀመጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። አርጩሜው ዛሬውኑ ይውጣልኝ።

እናንተም ወላጆች አትሳቁ። ልጃችሁን ስትወስዱ «የቤት ሥራውን ጨረሰ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «በላ? ተጫወተ? አለቀሰ?» ያለ ግን ስንት ነው? ለመዋጮ ሲጠራ የሚጠፋውንም አውቀዋለሁ፤ ልጅነቱንም አውቀዋለሁ።

ሌሎች ነጥቦችም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄዷል። የሽንት ቤቱ በርሜል ውኃ ይኑረው። ልጅ ሲወሰድ የወሰደው ሰው ይመዝገብ፤ አጎቱ ነኝ ያለ ሁሉ ይዞ አይሂድ። የወላጅ ስልክ ቁጥር በቢሮ መሳቢያ ሳይሆን ተንከባካቢዋ ዘንድ ይሁን።

ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። ለበሩ ትልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማሠራት የተያዘ ገንዘብ እንዳለ በሪፖርቱ ሰምተናል። ሰሌዳው ይቅር። ገንዘቡ ለተንከባካቢዎቹ ደመወዝ ይዋል፤ ሁለተኛ ሰው ይቀጠር፤ የተቀጠረችውም ቢያንስ ዓመቱን ከእነዚያው ልጆች ጋር እንድትዘልቅ ደመወዟ በቀኑ ይከፈላት። ቡና ወደምትሸጠዋ ልጅም ሽማግሌ ይላክ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ሰብሳቢ ሆይ፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ድምፅ ይሰጥበት። ደብተሩን ይዤዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ወደ መድረኩ ይምጣ።

አመሰግናለሁ።