ሆዴ ውስጥ ያለው የወንድሜ ነው

እንደምን አመሻችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ኩላሊት ሰጪዎች። የኩላሊት ቀን ስለሆነ ስለ ጨው፣ ስለ ግፊትና ስለ ስኳር ትንሽ በይ ተብዬ ነበር። እሱን ዶክተሮቹ ከኔ በላይ ይነግሯችኋል፣ ጨው ቀንሱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ፣ በቃ። እኔ የመጣሁት የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለልን ሰዎች በየቀኑ ስለምንውጠው መድኃኒት ላወራ ነው፣ የኔን ኩላሊት የሰጠኝ ወንድሜ ነው።

አብዛኞቻችን የተዋወቅነው የኩላሊት እጥበት ማሽኑ አጠገብ ነው አይደል? በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት። የአንዱ ወንበር ባዶ ሲሆን የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ዝም ብለን በሩን ማየት እናቆማለን። ከዛ ወጥተን ነው ዛሬ እዚህ የቆምነው። ድሮ ህንድ ካልሄድክ ተስፋ የለህም ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ሲጀመር እጥበት ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ምን እንደተሰማው የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ።

ግን ከተሠራልን በኋላ ሁላችንም አንድ ነገር ተሳሳትን፣ አለቀ አልን። አላለቀም። ለእናቴ ያስረዳሁበትን መንገድ ልንገራችሁ። ኢምዩኒቲ፣ የሰውነታችን መከላከያ፣ ማለት የጊቢ ውሻ ነው አልኳት። የቤቱን ሰው በጠረኑ ያውቃል፣ ሌላውን ይነክሳል። የመጣው እንግዳ ደግ ይሁን ሌባ ይሁን ውሻው አያውቅም፣ የወንድሜ ኩላሊት ለሱ ጸጉረ ልውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ ዶክተር ጆሴፍ መሬይ ያደረጉት ንቅለ ተከላ የተሳካው ሰጪና ተቀባይ ቁርጥ አንድ ዓይነት መንትዮች ስለነበሩ ነው፣ ጠረናቸው አንድ ነው፣ ውሻው አልጮኸም። እኔና ወንድሜ መንታ አይደለንም። የአንድ እናት አባት ልጆች እንኳ ሙሉ ለሙሉ የሚገጥሙት ከአራት አንዴ ነው፣ ገጥመውም ቢሆን ውሻው መታሰር አለበት። የምንውጠው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስ፣ ማለት ያ ማሰሪያ ገመድ ነው። ጃፓን ውስጥ ከጹኩባ አካባቢ አፈር፣ አፈር ውስጥ ካለች ባክቴሪያ ነው የተገኘው፣ እግዜር ሥራውን የት እንደሚያስቀምጥ ተመልከቱ። ገመዱ የሚይዘው 12 ሰዓት ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት።

አሁን የኔን ልናገር፣ እዚህ ያላችሁ የማታውቁትን ነው። በሦስተኛው ዓመቴ ከምገዛበት ፋርማሲ መድኃኒቱ ጠፋ፣ ሌላ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆነ። ቤት ያለኝ የ12 ቀን ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩና የማታውን ተውኩት፣ በቀን አንዴ ብቻ ብውጥ 24 ቀን ያደርሰኛል፣ እስከዛ ይገባል ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ደህና ሆንኩ! እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ሻይ ሳይፈስብኝ ቀዳሁ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ እንዲያውም እስከ ዛሬ ያለ አግባብ ብዙ ሲሰጡኝ ነው የኖሩት ብዬ አሰብኩ። የሚያሳብደው ይሄ ነው፣ አያምም እኮ። ኩላሊቱ እየተነከሰ አንቺ ሰርግ ትሄጃለሽ።

ለቼካፕ ስሄድ 1.1 የነበረው ክሪያቲኒን፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ማለት ነው፣ 2.6 ሆኗል። ተኛሁ፣ በመርፌ ከኩላሊቱ ቆንጥረው መረመሩ፣ ሪጀክሽን ነው፣ ሰውነትሽ ኩላሊቱን አልቀበልም ብሏል አሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ውሻውን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥር ገባልኝ። 1.6 ላይ ቆመ። ወደ 1.1 ግን ተመልሶ አያውቅም፣ የሄደው ሄደ። ወንድሜ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ብትነግሪኝ ሞተሬን እሸጥ ነበር" አለኝ። እንዴት አረግሽው አላለኝም፣ የኔን ኩላሊት አላለኝም። ሞተሩን ነው ያነሳው፣ በሞተሩ ነው የሚበላው።

ስለዚህ ዛሬ ዝም አልልም። ለኦፕራሲዮን ጊዜ ሰፈር ይዋጣል፣ ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ቲክቶክ ላይቭ ይደረጋል፣ አሜሪካ ያለው ባህሬን ያለው ሁሉ ይልካል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለወር ክኒን ግን ማን ያዋጣል? ማንም! ኩላሊቱን ከወንድሜ ጎን አውጥቶ ለኔ ከሰጡ በኋላ በክኒን እጦት እንዲሞት መተው ምን ይባላል? አይቻልም እንዳትሉኝ። ይህች ሀገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ እየሰጠች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ እንዲውጥ አድርጋለች፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ። እኛ ከነሱ አንጻር እፍኝ አንሞላም! የሦስት ወር ክምችት ለኛ ማስቀመጥ ያቃታል? የጠየቅነው ምጽዋት አይደለም፣ የተሰጠንን አደራ መጠበቂያ ነው የጠየቅነው!

ደግሞ "አምስት ዓመት ሆነኝ ሰውነቴ ለምዶታል" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ሁለታችሁ እዚሁ አዳራሽ ናችሁ። አልለመደም፣ ገመዱ ነው የያዘው። የሚለምድበትን መንገድ ሳይንስ እየፈለገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሜዳዋር የሚባል ሳይንቲስትና ጓደኞቹ ገና ያልተወለዱ አይጦችን የሌላ አይጥ ሴል ወግተው፣ አድገው የዛችን አይጥ ቆዳ እንደተቀበሉ አሳዩ፣ ውሻው ቡችላ ሳለ እንግዳውን ተዋወቀ ማለት ነው። በ2008 ደግሞ፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ቦስተን ላይ ኩላሊቱን ከሰጪው መቅኔ ጋር አብረው ተክለው መድኃኒት ያቆሙ ጥቂት ሰዎች እንዳሉ ተጽፏል። ስሰማ አልቅሻለሁ። ግን እዛ ሐኪም እያየ በጥናት ነው የሚቆመው፣ እኛ ቤት በድብቅ አይደለም።

ሌላው በአጭሩ። ኢምዩኒቲ የሚገነባ ነው ተብሎ የሚመጣላችሁን ውህድ ሁሉ አትጠጡ፣ ጎረቤት በፍቅር ነው የሚያመጣው፣ ግን እኛ ውሻውን እያሰርን እሱ ሥጋ እያበላው ነው። ቲቢ ከተገኘባችሁ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ንቅለ ተከላ እንዳለባችሁ ተናገሩ፣ ደማችሁ ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ ያወርደዋል። ከውጭ ሰው ሌላ ብራንድ ሲልክላችሁም ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትቀይሩ፣ የሚቀየረው ደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ ነው።

በሩ ጋ ደብተር አስቀምጫለሁ። የምትወስዱትን መድኃኒትና ቤታችሁ የስንት ቀን እንደቀረ ጻፉ፣ ከ20 ቀን በታች የሆናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አግኙኝ፣ ተያይዘን ሐኪማችሁ ጋ እንሄዳለን። ሰጪዎችም ጻፉ፣ የሰጣችሁት ሰው እየዋጠ መሆኑን የመጠየቅ መብት አላችሁ። የኔ ወንድም አሁን በየቀኑ ማታ ሁለት ሰዓት ይደውላል።