ኖች 1፦ ጎረቤቱን የሚሰማ ጂን

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ጠዋት። ሐውልቱ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ በር።)

ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጂን ነው፣ ኖች 1 ይባላል። ግን መጀመሪያ ስለ ቡና ላውራ።

ያደግኩት ከዚህ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ባለ ሰፈር ነው። ግቢው አንድ፣ ቤቱ ስድስት፣ ግድግዳችንም የጋራ። እሁድ ከሰዓት ቡና ለማፍላት ለማንም ምንም አይጎድለውም፣ ጀበናውም ከሰሉም በየቤቱ አለ። ግን አንዷ ቀድማ መቁላት ትጀምራለች። ሽታው ሲመጣ ጎረቤቷ ከሰሏን ትተዋለች፣ "ተጀምሯል እኮ፣ እዚያው እንጠጣለን" ትላለች። አንዱ ቤት አፍይ ሆነ፣ ሌላው ጠጪ ሆነ። የመደባቸው ሰው የለም።

ሴሎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ፅንስ ውስጥ አንድ አካባቢ ያሉ ሴሎችን አስቡ፤ ዲኤንኤያቸው አንድ ነው፣ ሁሉም ነርቭ መሆን ይችላሉ፣ ግን ሁሉም ነርቭ ቢሆኑ ቆዳውን ማን ይሠራዋል? ከመሃላቸው አንዱ በትንሹ ይቀድማል። ገላው ላይ ዴልታ የሚባል ፕሮቲን ያበዛል። ጎረቤቱ ደግሞ ገላው ላይ ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን፣ ኖች፣ አለው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ሲነካኩ መልእክቱ ይደርሳል፦ ነርቭ እኔ ነኝ፣ አንተ ሌላ ሁን። የሰማው ሴል የራሱን ዴልታ ይቀንሳል። እሱ ሲቀንስ የቀደመው ይበልጥ ይቀድማል፣ እና መጀመሪያ ላይ ከቁጥር የማይገባ የነበረው ልዩነት እየሰፋ ሄዶ አንዱ ነርቭ፣ ሌላው ቆዳ ይሆናል።

አንድ ነገር ላርም። የቡና ሽታ መንገድ ይሻገራል። ኖች ግን አይሻገርም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ካልተነካኩ መልእክት የለም።

(ምስል፦ ሁለት ሴሎች ጎን ለጎን። አንዱ ሌላውን ሲስብ።)

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ክፍል ልግባ። ኖች የሴሉን ግድግዳ ሰንጥቆ የቆመ ረጅም ፕሮቲን ነው። የሰው ኖች 1 ከ2,500 በላይ አሚኖ አሲድ አለው። ከፊሉ ውጭ፣ ከፊሉ ውስጥ። ጎረቤቱ በዴልታ ይዞ ሲስበው ተሸፍኖ የነበረ ቦታ ይገለጣል። እዚያ ላይ አንድ ኢንዛይም፣ እንደ መቀስ ያለ ፕሮቲን፣ ይቆርጠዋል። ከዚያ ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባል ሁለተኛ መቀስ ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ይቆርጠዋል። የውስጡ ቁራጭ ተፈትቶ በቀጥታ ዲኤንኤው ወዳለበት ወደ ኒውክለስ ይሄዳል፣ ዲኤንኤው ላይ ከሚጠብቀው ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፣ የትኛው ጂን ይከፈት የሚለውን ይወስናል።

ብዙ የሴል መልእክቶች ቢሮ እንደገባ ማመልከቻ ናቸው፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፣ በየቦታው ማኅተም ይመታባቸዋል። ኖች ጋ ይሄ የለም። በር ላይ የቆመው ራሱ ነው አለቃው ክፍል የሚገባው።

ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። እንደ አውቶቡስ ትኬት ነው፣ ለሁለተኛ ጉዞ አይሆንም። ስለዚህ ሴሉ ስንት ኖች አለው የሚለው ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው። በጣም ትልቅ።

ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። በ1910ዎቹ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ጆን ዴክስተር የሚባል ተመራማሪ፣ ከእሱም በኋላ የቶማስ ሀንት ሞርጋን ቤተ ሙከራ፣ የክንፋቸው ጠርዝ የተቆረሰ የፍራፍሬ ዝንቦች አዩ። ኖች በእንግሊዝኛ ያ ቁርጥ ነው። እነዚያ ሴት ዝንቦች ከሁለቱ የጂኑ ቅጂ አንዱ ብቻ ነበር የሚሠራላቸው። ግማሹ ጎደለ፣ ክንፉ ተቆረሰ። ጭራሽ የሌለው ዝንብ ደግሞ ገና ፅንስ ሳለ ይሞታል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዶናልድ ፖልሰን የእነዚህን ፅንሶች ውስጥ ሲመረምር ቆዳ መሆን የነበረባቸው ሴሎች ነርቭ ሆነው አገኛቸው። ማንም ማንንም አልሰማም፤ ስድስቱም ቤት ቡና አፍልቷል።

ሰው ላይም ግማሽ አይበቃም። የእኛ ኖች 1 ክሮሞዞም 9 ላይ ነው። አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸባቸው ቤተሰቦች ላይ የልብ ችግር ተገኘ፣ ጥናቱ በ2005 ወጣ። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር ሦስት ክዳን ሊኖረው ሲገባ ሁለት ብቻ ይሆናል፣ ዕድሜ ሲገፋም ካልሲየም እየተጋገረበት ይጠብባል።

(ምስል፦ ደረት ውስጥ ያለችው ታይመስ።)

እሺ፣ ወደ ካንሰሩ። ብዙ ሰው ኖች 1 የሚለውን ስም የሚሰማው እዚህ ጋ ነው፣ "የካንሰር ጂን" ሲባል። ይሄ አጠራር ከልቤ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም በሽተኛ ቤተሰብ ያለው ሰው ሲሰማው ሰውነቱ ውስጥ ጠላት ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቅኔ የሚወጡ ወጣት ሴሎች ታይመስ፣ ደረታችን ውስጥ ያለችው እጢ፣ ሲደርሱ ጎረቤታቸው በኖች 1 በኩል "ቲ ሴል ሁን" ይላቸዋል። ይህ መልእክት ከሌለ እዚያው ቢ ሴል ይሆናሉ፤ ሁለቱም በሽታ የሚከላከሉ የደም ሴሎች ናቸው። የበሽታ መከላከያችን ትልቅ ክፍል በዚህ ንክኪ ነው የቆመው። በ1991 ግን ክሮሞዞም 7 እና 9 ተሰብረው በተለዋወጡበት የቲ ሴል የደም ካንሰር ውስጥ ይህ ጂን ተገኘ። በ2004 ደግሞ በዚህ የቲ ሴል ካንሰር ከተያዙት ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ኖች 1 መለወጡ ታወቀ። በአብዛኛው ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ጂኑ ጎረቤት ሳይነካው ብቻውን ይናገራል፣ ዝም የሚልበት ጊዜ የለውም፣ ሴሉም መባዛቱን አያቆምም።

ቆዳ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ ኖች 1 ሴሉን "በቃ፣ አድገሃል፣ መባዛት አቁም" ይለዋል። ሲጠፋ ነው ካንሰር የሚመጣው። ይህንን ሰው ላይ ያሳየን አንድ ከባድ ታሪክ አለ። ለአልዛይመር፣ ለመርሳት በሽታ፣ ተብሎ ሴማጋሴስታት የሚባል መድኃኒት ተሠራ፣ ያንን ሁለተኛ መቀስ የሚያግድ፤ በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ፕሮቲን ከሌላ ትልቅ ፕሮቲን ቆርጦ የሚያወጣው መቀሱ ስለሆነ። ግን ኖችንም የሚቆርጠው እሱ ነው። በ2010 ሙከራው ቆመ። የታማሚዎቹ አእምሮ አልተሻለም፣ እንዲያውም ባሰበት፣ የቆዳ ካንሰርም በዛባቸው። ተስፋ አድርገው ራሳቸውን ለሙከራው የሰጡ ሰዎች ነበሩ።

ያንኑ መቀስ የማገድ ሐሳብ ግን አልተጣለም። በ2023 መጨረሻ ላይ ኒሮጋሴስታት የሚባል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፣ ዴስሞይድ ለሚባል እብጠት። ይህ እብጠት ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፣ ያለበትን ቦታ ግን እየወረረ ያድጋል። መድኃኒቱ የሚዋጥ ክኒን ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ።