የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርብ ሥልጣን
(ለአዲስ ተሿሚ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የተረከባችሁት ወንበር ሦስት ሥራ ያለበት ወንበር ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በክልሉ ሕግ የተሰጡትን ጉዳዮች በመጀመሪያ ደረጃ ይዳኛል፤ ከወረዳ ፍርድ ቤቶች የሚመጣውን ይግባኝ ያያል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(4) መሠረት ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው በሕዝቡ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ እኛ የሕግ ባለሙያዎችም የሚገባውን ያህል አላሰብንበትም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የደሴ ነጋዴ በጅማ ለሚኖር ደንበኛው ዕቃ በዱቤ ልኮ ገንዘቡን ቢከለከል፣ ተከራካሪዎቹ በቋሚነት የሚኖሩት በተለያዩ ክልሎች ስለሆነ ክርክሩ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ለዚህ ብለው ግን አዲስ አበባ አይመላለሱም። ተከሳሹ በሚኖርበት በጅማ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገቡን ከፍቶ በፌዴራል ሥልጣኑ ይዳኛል፤ ይግባኙም ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌዴራል ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባልበታል። በዚያው ዕለት በዚያው ችሎት የታየ የክልል መዝገብ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ስለዚህ በየፍርዱ መግቢያ ላይ ጉዳዩን ያያችሁት በየትኛው ሥልጣን እንደሆነ በግልጽ እንድትጽፉ አደራ እላለሁ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጎድል ባለጉዳዩ በማይመለከተው መዝገብ ቤት ሲንከራተት የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

አብዛኛው የሥራ ቀናችሁ ግን የሚያልፈው በወረዳ ይግባኝ ላይ ነው፤ እኔም አጥብቄ ልናገር የምፈልገው ስለዚሁ ነው። የድንበር ክርክር የተረታ አርሶ አደር የፍርዱን ግልባጭና ማመልከቻ ጸሐፊ ያዘጋጀለትን የይግባኝ ቅሬታ ይዞ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 ይግባኝ ባዩን ሰምታችሁ፣ በሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከተስማማችሁ፣ መልስ ሰጪውን፣ ማለትም ይግባኝ የተባለበትን ወገን፣ ሳትጠሩ መዝገቡን እንድትዘጉ ይፈቅድላችኋል። ፍሬ የሌለው ይግባኝ መልስ ሰጪውን ከሥራው እንዳያፈናቅለው የተደነገገ፣ አስፈላጊ ሥልጣን ነው። ነገር ግን ማመልከቻ ጸሐፊው የአርሶ አደሩን ነገር አሳጥሮ ወይም አዛብቶ ጽፎት ይሆናል። ስህተቱ ያለው ምናልባት ቃሉ ተመዝግቦ ሳለ በፍርዱ ውስጥ ያልተመዘነ አንድ የወሰንተኛ ምስክር ላይ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ከቅሬታው ሳይሆን ከሥር መዝገቡ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት የሥር መዝገቡን አስቀርባችሁ አንብቡ፤ «አያስቀርብም»፣ ማለትም ይግባኙ መልስ ሰጪውን አያስጠራም፣ ስትሉም «በውሳኔው ላይ ስህተት አላገኘንም» በሚል አንድ መስመር አትለፉት፤ የቀረበላችሁን የቅሬታ ነጥብ በስሙ ጠርታችሁ መልሱለት። የተረታ ሰው የተረታበትን ምክንያት የማወቅ መብት አለው፤ ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዲታረም የሚጠየቅበትን አቤቱታ፣ ላቅርብ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለመወሰንም የሚረዳው ይኸው ምክንያት ነው።

በሹመታችሁ ሂደት የፌዴራሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ አስተያየት እንዲጠየቅ ሕገ መንግሥቱ የደነገገው ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የፌዴራል ሥልጣን ስለምትይዙ እንደሆነ አምናለሁ። ከዚሁ የሚከተል ሌላ ግዴታም አለ፤ አንቀጽ 79(7) የፌዴራል ሥልጣን ደርበው ለሚሠሩ የክልል ፍርድ ቤቶች የተወካዮች ምክር ቤት የማካካሻ በጀት እንዲመድብ ያዝዛል። እዚህ ያላችሁ የአስተዳደር ኃላፊዎች የፌዴራል መዝገቦችን ከክልሉ ለይታችሁ እንድትመዘግቡና ቁጥራቸውን ከበጀት ጥያቄው ጋር አያይዛችሁ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ፤ ያልተቆጠረ ሥራ በጀት አይጠየቅበትምና።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ። አመሰግናለሁ።