በእግሬ የከፈትኩት በር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ቃል የገባሁላችሁን የቡና ጨዋታ ዛሬም አሳድሬዋለሁ፤ አክስቴ ከቶሮንቶ መጥተው ጅማ እኛ ዘንድ በሰነበቱባቸው ሦስት ቀናት፣ በአንደኛው ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር አልለቅ ብሎኛልና።

ካርቶኖቻቸውን ከመኪና ስናወርድ የጎረቤት ልጆች ዘይት መስሏቸው ነበር። አክስቴ ኩላሊታቸው ስለደከመ በቀን 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ሊትር ፈሳሽ ወደ ሆዳቸው ያስገባሉ፤ ፔሪቶኒያል ዳያሊሲስ (በሆድ ዕቃ በኩል ደምን ማጣራት) ይባላል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ትርፉን ውኃ ይስባል፤ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ደግሞ እንደ ወንፊት ሆኖ ኩላሊት ያቃተውን ቆሻሻ ያሳልፋል። ከሰዓታት በኋላ ያንን አስወጥተው በአዲስ ይተኩታል። እናቴ የአዲሱን ፈሳሽ ከረጢት በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ ልታሞቅላቸው ብትል፣ እርጥበቱ ጀርም ይዞ ይገባል ብለው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ጠቀለሉት። እኔም ስቄ ነበር።

ያን ዕለት መስኮቱን ገጥመው፣ ማስክ አድርገው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበውና አድርቀው ተቀምጠዋል። አዲሱ ከረጢት ከቁም ሳጥኑ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሆዳቸው የሚወጣውን ቱቦ ክዳን ፈትተው ከአዲሱ ጋር ሊያገጣጥሙ ሲሉ፣ እኔ ረከቦቱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ በምታውቁት ልማዴ፣ በሩን በእግሬ ገፋሁት። የዕጣኑ ጢስ ቀድሞኝ፣ ድመታችን ዳኛው ደግሞ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ተከትሎኝ ገባ። አክስቴ አልጮሁም። የቱቦውን ጫፍ ከፍ አድርገው እንደያዙ «ልጄ፣ በሩን» ብቻ አሉኝ።

ጫፉ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ነክቷል ወይስ አልነካም? ነክቶ ቢሆን ቱቦውን ቆልፈው ነርሳቸው ጋር መደወል ነበረባቸው። እሳቸው አልነካም ብለው ቀጠሉ። ፈሳሹ በወጣ ጊዜም ከረጢቱን የግድግዳ ካላንደራችን ላይ አጋድመው፣ ፊደሎቹ በውስጡ ጥርት ብለው እንደሚነበቡ አሳዩኝ።

በቀን 4 ጊዜ ማለት በዓመት 1,460 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሆድን ለውጭው ዓለም ከፍቶ መዝጋት ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም፤ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት ጀርሞች ብዙዎቹም በገዛ ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ናቸው። ለነገሩ ከእነዚያ ሦስት ቀናት በአንዱም አቦልን አብረውን አልጠጡም፤ ቡናው ሲደርስ ሁልጊዜ በራቸው ዝግ ነበር።

ቶሮንቶ በተመለሱ በሳምንቱ ሆዳቸውን አመማቸው፤ የወጣውም ፈሳሽ ደፈረሰ፤ ይህ የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ሲመረመር በማይክሮ ሊትር ከ100 በላይ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ከግማሽ በላዩም ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ሆኖ ስለተገኘ፣ አንቲባዮቲክ በፈሳሹ እየተቀላቀለ ይሰጣቸው ጀመር። ነርሷ በንክኪ የሚገባ ጀርም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራሱን እንደሚያሳይ ነግራቸዋለች። እንግዲህ በቀን ቆጠራ እኔ ነፃ ነኝ። ከአንጀትም ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ከሚወጣበት ቆዳም ሊሆን ይችላል።

ደውዬ ገና ጤንነታቸውን ሳልጠይቅ «ያንተ በር አይደለም» አሉኝ። ስለ በሩ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ታዲያ እሳቸውም ሲያስቡት ነበር ማለት ነው፤ ወይም ድምፄ አሳብቆብኝ ይሆናል፤ እንጃ። ቀሚሱ ሰማያዊ ነበር፤ የቱቦው ጫፍም ከጠርዙ በላይ፣ ምናልባት የአንድ ጣት ስፋት ያህል…